የጎደለው ማዕዘን፦ የሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ታሪክ

 

በዚህ ሳምንት ከመንዝ ደጋ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እህታችን በውስጥ መስመር ሁለት ጥያቄ ላከችልኝ። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም፤ ጥያቄዎቿን እንዳነሳ ግን ፈቅዳልኛለች።

አንደኛው የትምህርት ቤት ነው። ፈተና ተቃርቧል። መምህራን ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር የሚሉት፣ ማለትም ካሬ መሙላት፣ ከዚያም የኳድራቲክ እኩልዮሽ ግራፍ መሳል አልገባ ብሏታል። የ10ን ግማሽ ውሰጂ፣ በራሱ አባዢው፣ በሁለቱም በኩል ደምሪው ትባላለች። ትወስዳለች፣ ታባዛለች፣ ትደምራለች። ለምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

ሁለተኛው የቤት ነው። እናቷ አምና ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የራሳቸው የሆኑ 40 በጎች ነበሯቸው። ዕዳ የለባቸውም፣ ኑዛዜም አልተዉም፣ ወላጆቻቸውም ቀድመዋቸው አልፈዋል። የቀሩት አባቷ፣ ሁለት ወንድሞቿ፣ አንዲት እህቷና እሷ ናቸው። ቤተሰቡ ተቀምጦ ሲመክር በጎቹ ለአባትና ለወንዶቹ ይሁኑ፣ ሴቶቹ ወደፊት ሲያገቡ ይታሰብላቸዋል ተባለ። እሷ በዚያ ቀን ቡና እያቀረበች ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። አሁን ግን ድርሻዋ ስንት እንደሆነና ይህንን የሚያሰላው ማን እንደሆነ ጠይቃኛለች።

ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ መስሏት በመሃላቸው መስመር አስምራለች። እኔ ግን ሳነበው ፈገግ አልኩ። ከ1,200 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጽፏቸዋልና። የዛሬው ጁምዓ ታሪክ የእሱ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ይባላል። ስሙን ስትፈልጉ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ጥምጥም ያሰረ ጺማም ሰው አለ አይደል? እኛም በዚህ ገጽ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ለጥፈነዋል። ያ ምስል የመጣው ሶቪየት ኅብረት በ1983 የልደቱን 1,200ኛ ዓመት ለማስታወስ ካሳተመችው ቴምብር ነው። ፊቱን የፈጠረው ሠዓሊው ነው። ከእሱ ዘመን የቀረ ሥዕል የለም፤ የቀረው ሥራው ነው።

የተወለደው በ780 አካባቢ ነው፤ በሒጅራ 164 ገደማ መሆኑ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ የተባለበት ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ፣ አሙ ዳሪያ የሚባለው ወንዝ የሚያጠጣው አገር ነው፤ ዛሬ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን ተካፍለውታል። ሕይወቱን ያሳለፈው ግን ባግዳድ ነው። ባግዳድን ኸሊፋ አል-መንሱር የቆረቆራት በ762 ነበር። ስለዚህ እሱ ሲወለድ ከተማዋ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች ማለት ነው። ወረቀት መሥራት በቅርቡ ተለምዶ፣ መጽሐፍ ገልባጩና ሻጩ በዝቶ፣ የሕንድ፣ የፋርስና የግሪክ ዕውቀት ወደ ዐረብኛ ይገለበጥ የነበረበት ጊዜ ነው።

እሱ የሠራው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ፣ በይቱል ሒክማ በሚባለው የዕውቀት ቤት ውስጥ ነው። ታሪክ የምታነቡ ልጆች አል-መእሙንን በሌላ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ቁርኣን ፍጡር ነው በሉ ብሎ ዑለማን ያስጨነቀ፣ በኢማም አሕመድ ላይ የደረሰውን ፈተና የጀመረ እሱ ነው። ለሒሳብና ለከዋክብት ጥናት ገንዘብ ያፈሰሰውም ያው ሰው ነው። አንዱን ነግሮ ሌላውን መደበቅ ትክክል አይመስለኝም።

ለዚህ ኸሊፋ ያበረከተው መጽሐፍ ነው ዛሬ ድረስ ስሙን የሚያስጠራው። ርዕሱ ረዘም ይላል፤ ባጭሩ ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ ስሌት የተጻፈ አጭር መጽሐፍ ነው። በመግቢያው ላይ ለማን እንደጻፈው ገልጿል፤ ውርስ ለሚያካፍሉ፣ ኑዛዜ ለሚፈጽሙ፣ ለሚነግዱ፣ በፍርድ ቤት ለሚከራከሩ፣ መሬት ለሚለኩና የውኃ ቦይ ለሚቆፍሩ። ለሊቃውንት ክርክር አይደለም። ለተራው ሰው፣ ሁልጊዜ ለሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

አል-ጀብር የሚለውን ቃል እንየው። የተሰበረን ጠግኖ ወደ ቦታው መመለስ ነው። በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ ስሙ የሚወጣው ከዚሁ ቃል ነው፤ ስፔኖችም ቃሉን ከሙስሊሞች ወስደው ለረጅም ጊዜ ወጌሻን አልጀብሪስታ ይሉት ነበር። አል-ኸዋሪዝሚ ጋ የተሰበረው እኩልዮሹ ነው። ከራሱ ምሳሌዎች አንዱን ልውሰድ። አንድ ካሬ፣ ከ40 ሥሮቹ ላይ 4 ካሬ ተቀንሶ ከሚቀረው ጋር እኩል ነው እንበል። በስተቀኝ ያለው 40 ሥር ጎድሎበታል፣ ተሰብሯል። የጎደለውን 4 ካሬ መልሰሽ ትጠግኚዋለሽ፤ በግራም ያንኑ ትጨምሪያለሽ። 5 ካሬ ከ40 ሥር ጋር እኩል ሆነ። አንዱ ካሬ ከ8 ሥር ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ሥሩ 8 ነው። ጥገናው ይኼ ነው። አል-ሙቃበላ ደግሞ ፊት ለፊት ማቆም ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር አጋጥሞ ማጣፋት። 50 እና አንድ ካሬ፣ ከ29 እና ከ10 ሥሮች ጋር እኩል ከሆነ፣ 29ኙን ከሁለቱም ታነሺና 21 እና አንድ ካሬ ከ10 ሥሮች ጋር እኩል ነው ትያለሽ። ይህቺን የመጨረሻዋን አስታውሻት፣ እንመለስባታለን።

ልብ ብላችኋል? ሁሉንም በቃል ነው የምጽፈው። እሱም እንዲሁ ነበር። ኤክስ የለም፣ የመደመር ምልክት የለም፣ የእኩል ምልክት የለም። ቁጥሮቹን እንኳ ሳይቀር በፊደል ጽፏቸዋል። የማይታወቀውን ነገር ጂዝር፣ ማለትም ሥር፣ ይለዋል። ካሬውን ደግሞ ማል ይለዋል፤ ዘካተል ማል ስንል የምናውቀው ማል፣ ሀብት ማለት ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄሽ። እህቴ፣ የሱን ታዋቂ ምሳሌ ከቤትሽ ውጭ ባለ ማሳ ላይ ላሳይሽ። አንድ ካሬ እና 10 ሥሮቹ ተደምረው 39 ናቸው። ሥሩ ስንት ነው?

በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ አስቢ። አራቱም ጎኑ እኩል ነው፤ የጎኑን ርዝመት ግን አናውቅም። ጎኑን በራሱ ብናባዛ ስፋቱን፣ ካሬውን፣ እናገኛለን። አባትሽ ይህን ማሳ ለማስፋት ፈለጉ እንበል። በምሥራቅ በኩል ወርዱ 5 እርምጃ የሆነ ረዥም ቁራጭ ጨመሩ፤ ርዝመቱ ከማሳው ጎን ጋር እኩል ነው። በደቡብም እንዲሁ ወርዱ 5 እርምጃ የሆነ ሌላ ቁራጭ ጨመሩ። ሁለቱ ቁራጮች በአንድነት 10 ጊዜ ጎኑ ናቸው፤ አስሩ ሥሮች እነሱ ናቸው። ማሳውና ሁለቱ ቁራጮች አንድ ላይ 39 ካሬ እርምጃ ሆኑ።

አሁን ጉብታው ላይ ወጥተሽ ወደ ታች ተመልከቺ። ቅርጹ ካሬ ለመሆን ትንሽ ቀርቶታል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል አንዲት ማዕዘን ጎድላለች። ያቺ ማዕዘን ራሷ ካሬ ናት፤ በአንድ በኩል 5፣ በሌላው በኩል 5፤ ስፋቷ 25። የ10ን ግማሽ ወስደሽ በራሱ አባዢ ያሉሽ እሷን ለማግኘት ነው! ማዕዘኗን ስትሞዪ 39 እና 25፣ 64 ሆነ። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ከ8ቱ ውስጥ 5ቱ የተጨመረው ቁራጭ ወርድ ነው። ያንን ስትቀንሺ የመጀመሪያው ማሳ ጎን 3 ሆኖ ይቀራል። አመሳክሪው፦ ማሳው 9፣ አንዱ ቁራጭ 15፣ ሌላው 15፤ ድምሩ 39።

አል-ኸዋሪዝሚ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሥዕል ሠርቷል። በአንዱ 10ሩን ለአራት ከፍሎ በአራቱም ጎን ወርዳቸው ሁለት ተኩል የሆኑ ቁራጮች ያደርጋል፤ ያኔ የሚጎድሉት አራት ትናንሽ ማዕዘኖች ናቸው፣ የእያንዳንዳቸው ስፋት 6 ከሩብ፣ ድምራቸው ያው 25። ሌላው እኔ በማሳ ያሳየሁሽ ነው። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ደንቡን ብቻ ጽፎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ነጋዴውም ቃዲውም ከዚያ በላይ አይጠይቁትም። እሱ ግን ደንቡን ካስተማረ በኋላ ቁጭ ብሎ ለምን እንደሚሠራ በሥዕል አስረዳ።

እንግዲህ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እንደኛ ባሉ ገጾች ላይ ይህን ሁሉ የፈጠረው እሱ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ይጻፋል። አይደለም። እዚያው ኢራቅ ምድር ላይ ባቢሎናውያን ከእሱ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ ጽላት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ፈትተዋል። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ጭምር የሚያስተናግድ ደንብ ጽፏል። የኛ ሰው ድርሻ ሌላ ነው። የጥያቄዎቹን ዓይነት ሁሉ ሰብስቦ በስድስት መደበ፤ ማንኛውም የዚህ ዓይነት ጥያቄ በጥገናና በማጣፋት ከስድስቱ ወደ አንዱ እንደሚደርስ አሳየ፤ ለእያንዳንዱም መንገዱን ሰጠ፤ መንገዱ ለምን እንደሚያደርስም አስረዳ። የተበታተኑ ብልሃቶች የነበሩት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኑ፤ ዘርፉም እስከ ዛሬ በመጽሐፉ ስም አልጀብራ ይባላል። ይህ በቂ ክብር ነው፤ የሌላውን ቀምተን መጨመር አያስፈልገንም።

ሌላም ሥራ አለው፤ ባጭሩ ልለፈው። ከሕንድ ስለመጡት አኃዞች፣ ስለ አሥሩ ምልክቶችና ስለ ዜሮ፣ መጽሐፍ ጽፏል። ዐረብኛው ጠፍቶ በላቲን የተገለበጠው ነው የተረፈው። ላቲኖቹ ስሙን በትክክል መጥራት አቅቷቸው አልጎሪትሚ አሉት፤ አልጎሪዝም የሚባለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የሚመርጥላችሁ አልጎሪዝም የሱን ስም ነው የተሸከመው፤ ለምን ሥራ እንደዋለ ቢያይ ምን ይል ነበር የሚለውን ለናንተ ትቼዋለሁ። የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ጉዞ የሚያሰላ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። የፕቶሎሚን ሥራ መሠረት አድርጎ 2,402 ቦታዎች በምድር ላይ የት እንደሚገኙ በኬክሮስና በኬንትሮስ ያስቀመጠ የጂኦግራፊ መጽሐፍም አለው።

ደካማ ጎኑንም አልዘልም። የታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጦበሪ እንደመዘገበው፣ በ847 ኸሊፋ አል-ዋሲቅ በጠና ሲታመም ኮከብ ቆጣሪዎች ተጠሩ። ከተጠሩት ውስጥ የእሱም ስም አለ። ከዋክብቱን አይተው ኸሊፋው ገና 50 ዓመት ይኖራል አሉ። አል-ዋሲቅ ከዚያ በኋላ የኖረው አሥር ቀን ነው። ካሬ ሲሞላ አንድም ጊዜ ያልተሳሳተ ሰው፣ ሥዕል ሠርቶ ሊያረጋግጠው በማይችለው ጉዳይ ሲናገር እንደማንኛችንም ተሳሳተ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ850 አካባቢ፣ እሱም ሞተ። አላህ ይዘንለት።

የአልጀብራው መጽሐፍ ግን ጉዞውን ቀጠለ። አቡ ካሚል የሚባለው የግብፅ የሒሳብ ሊቅ በዚያው ላይ ገነባ። በ1145 ሮበርት ኦፍ ቼስተር የሚባል እንግሊዛዊ በስፔን ሰጎቪያ ከተማ ወደ ላቲን ገለበጠው፤ ብዙም ሳይቆይ የክሬሞናው ጄራርድ ደግሞ ገለበጠው። የአውሮፓ ተማሪዎች ለዘመናት ካሬ መሙላትን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። አንድ ካሬና 10 ሥሮቹ 39 ናቸው የምትለዋ ጥያቄም ቁጥሮቿ ሳይለወጡ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስትዞር ኖራለች።

ግራፉስ? ግራፍ የእሱ አይደለም። በሁለት ዘንጎች ላይ እኩልዮሽን መስመር አድርጎ መሳል የመጣው በ1600ዎቹ ነው፤ ፈረንሳዊው ደካርት ጂኦሜትሪውን ያሳተመው በ1637፣ ማለትም አል-ኸዋሪዝሚ ከሞተ ከ787 ዓመት በኋላ ነው። ግን እህቴ፣ ካሬውን ከሞላሽ ግራፉ ግማሽ መንገድ ተሠርቶልሻል። ያንኑ ጥያቄ እንውሰድ። ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ካሬ ሲደመር 10 ኤክስ ሲቀነስ 39። ካሬውን ስትሞዪው፣ ኤክስ ሲደመር 5 በራሱ ተባዝቶ፣ ሲቀነስ 64 ይሆናል። በራሱ የተባዛ ነገር ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ዋይ እጅግ ዝቅ የሚለው በራሱ የሚባዛው ክፍል ዜሮ ሲሆን ነው፤ ያ የሚሆነው ኤክስ ኔጌቲቭ 5 ሲሆን ነው፤ ያኔ ዋይ ኔጌቲቭ 64 ነው። ፓራቦላው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ የሳህኑን መቀመጫ፣ ቨርቴክስ የሚሉትን፣ አገኘሽ።

ከዚያ ቦታ ወደ ቀኝ 8 እርምጃ፣ ወደ ግራም 8 እርምጃ ሂጂ። በቀኝ 3 ላይ፣ በግራ ኔጌቲቭ 13 ላይ ትደርሻለሽ፤ ግራፉ አግድም ዘንጉን የሚቆርጠው እነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ቁጥሮቹን አወቅሻቸው? 5ቱ የቁራጩ ማሳ ወርድ ነው። 64ቱ ማዕዘኑ ከተሞላ በኋላ ያለው የትልቁ ማሳ ስፋት ነው። 8ቱ የትልቁ ማሳ ጎን ነው። ኔጌቲቭ 13ን አል-ኸዋሪዝሚ አልጻፈውም፤ እሱ የሚፈልገው የማሳ ጎን ነው፣ ጎኑ ከዜሮ በታች የሆነ ማሳ ደግሞ የለም።

ቅድም አስታውሻት ያልኩሽን አውጪ፦ አንድ ካሬ እና 21 ከ10 ሥሮቹ ጋር እኩል ነው። እዚህ ላይ እሱ ራሱ ሁለት መልስ ሰጥቷል። የ10 ግማሽ 5፣ በራሱ 25፣ 21 ሲቀነስለት 4፣ የ4 ሥር 2። ከ5 ላይ 2 ብትቀንሺ 3፣ ብትጨምሪ 7። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀጥሎ ያስቀመጠው ማሳሰቢያ ደግሞ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ማንም ያልነገረኝ ነው። በ21 ቦታ 25 ቢሆን መልሱ አንድ ብቻ፣ እሱም 5 ነው። ከ25 ቢበልጥ ጥያቄው መልስ የለውም። አሁን ሦስቱንም በግራፍ ሳዪያቸው። በ21 ጊዜ የሳህኑ መቀመጫ ከአግድም ዘንጉ 4 ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ዘንጉን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። በ25 ጊዜ መቀመጫው ዘንጉን ብቻ ይነካል። በ30 ብታደርጊው መቀመጫው ከዘንጉ 5 ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ አይነካውም። እሱ ግራፍ ሳያይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ሳይጠቀም፣ ሦስቱንም በቃል ለይቷቸው ነበር።

ለፈተናሽ አንድ ልስጥሽ፤ መልሱን ግን አልነግርሽም። አንድ ካሬ እና 6 ሥሮቹ 55 ናቸው። ማሳውን ሳዪ፣ የጎደለችውን ማዕዘን ፈልጊ፣ ከዚያ ግራፉን ሥሪ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ። ስለ አልጀብራ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይጠቅሱት ነገር አለ፤ የዚያ መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ፈራኢድ ነው። አንብበው ሲያበቁ የመጀመሪያውን ግማሽ ለሒሳብ ሰዎች፣ ሁለተኛውን ለቃዲዎች የሚሰጡ አሉ። ለሱ ግን አንድ ሥራ ነበር። በሱረቱ-ኒሳእ ድርሻዎች በክፍልፋይ ተቆርጠው ተሰጥተዋል፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ፣ ስድስተኛ። ወራሾቹ ሲበዙ፣ ኑዛዜም ሲጨመር ክፍልፋዮቹ ይወሳሰባሉ። ስሌት የማያውቅ ሰው እያወቀም ሳያውቅም የአንዱን ሐቅ ለሌላው ይሰጣል።

ከምሳሌዎቹ አንዷ ያንቺን ቤት ትመስላለች። አንዲት ሴት ሞተች። ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴት ልጆች ትታለች። ወራሽ ላልሆነ ሰው ደግሞ የንብረቷን ስምንተኛና ሰባተኛ ተናዛለች። ስምንተኛና ሰባተኛ ሲደመሩ ከ56 እጅ 15 ናቸው፤ ከሲሶ አይበልጥም፣ ስለዚህ ይፈጸማል። የሚቀረው ከ56 እጅ 41 ነው። ከዚያ ላይ ባል ሩብ ይወስዳል፤ ቀሪው ለልጆቹ ነው፣ ወንዱ የሁለት ሴቶችን ድርሻ ያህል። ክፍልፋይ እንዳይቀር አል-ኸዋሪዝሚ ንብረቱን በ1,120 እጅ ያስበዋል። የተናዘዘችለት ሰው 300፣ ባልየው 205፣ ወንዱ ልጅ 246፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 123። ደምሩት፣ 1,120 ይመጣል።

እዚህ ላይ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ትውልድ ይቆጠር ነበር። ትውልድ ቆጥሮ፣ መሬት ለክቶ ማካፈል የሚችል ሰው በአገሩ የተከበረ ነበር። የሚፈራም ነበር፤ ቆጠራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ የሚከራከረው የለምና። መጽሐፉ ለተራው ሰው መጻፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አይከብድም።

ማን ያሰላዋል ብለሻል። ፈራኢድ የተማረ ዓሊም ያሰላዋል። ክርክር ከሆነና ሁሉም ወገን ከተስማማ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። አጎትሽን ወይም የመስጂዱን ኢማም ይዘሽ አባትሽን በአክብሮት አናግሪያቸው፤ ብዙ አባቶች እምቢ የሚሉት ከክፋት ሳይሆን ስሌቱን ሠርቶ ያሳያቸው ስለሌለ ነው። ስሌቱን ግን አንቺም ትችይዋለሽ፣ ካሬ ከመሙላት በጣም ይቀላል።

በጎቹ 40 ናቸው። እናትሽ ልጆች ስላሏቸው አባትሽ ሩቡን ይወስዳሉ፣ 10 በግ። 30 ይቀራል። ወንዶቹ ሁለት ሁለት እጅ፣ እናንተ እህትማማቾች አንድ አንድ እጅ፤ በጠቅላላ 6 እጅ። 30 ለ6 ሲካፈል አንዱ እጅ 5 ነው። ወንድሞችሽ እያንዳንዳቸው 10፣ እህትሽ 5።

ያንቺ 5 በግ ነው፤ ዛሬ፣ ሳታገቢ።